ይቅር የማይሉ ካፒቴን

በአንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ የፊልም ትምህርት መምህራችን አንድ የቆየ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ፊልም አሳዩን። መርከቧ ከምትችለው በላይ ወደ ጥልቁ ትወርዳለች፤ ግድግዳዋ ይንቋቋል፤ ካፒቴኑ ግን «ውረዱ» እንዳለ ነው። ምክትሉ ይጮኽበታል፣ እሱም መልሶ ይጮኻል። ሲያልቅ መምህሩ መብራቱን አብርተው፣ «ካፒቴኑን ሌላ ሰው ቢጫወተው ኖሮ ፊልሙ ያው ይሆን ነበር?» አሉ። የቤት ሥራችንም ይኸው ሆነ፤ ያችን ትዕይንት በራሳችን ሰዎች ሠርተን በአዳራሽ ማሳየት።

ተዋናይ መምረጥ ለእኔ ደረሰ። መምህሩን ማስደሰት ስለፈለግሁ ፍኖተ ሰላም የተከራየሁበትን ቤት ባለቤት፣ አባባን፣ መረጥሁ። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ዝም ሲሉ ሰው ይጨነቃል። በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ደጅ ነው። ስጠይቃቸው፣ «መርከብ? እኔ ጣናን እንኳ ከዳር ቆሜ ነው ያየሁት» ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

መርከባችን ቡሬ ያለ ባዶ የበቆሎ መጋዘን ሆነ። አንዱ ከውጭ በርሜል ሲመታ ቆርቆሮው የሚሰነጠቅ ይመስላል። ችግሩ የመጣው ገና በመጀመሪያው ልምምድ ነው። አባባ በበሩ ሲገቡ የመርከቡ ሠራተኛ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

«መሪውን ማን ይያዝ?» ብዬ ጮኽሁ።

«እሳቸው ቆመው እኛ እንቀመጥ?» አለኝ አንዱ።

ይህን በስንት ልመና አስተካከልን። ጩኸቱ ግን እንቢ አለ። ምክትል የሆነው የክፍል ጓደኛዬ አፉን ይከፍታል፣ ፊታቸውን ያያል፣ ድምፁ ይጠፋል።

«ጩኽብኝ እንጂ ልጄ፤ አልቆጣህም» ይሉታል አባባ። ይህን ሲሉት ይብስበታል።

ሰው መለወጥ ነበረብኝ። ግን ለሰፈሩ የተነገረላቸውን ሰው እንዴት ብዬ «ይቅርብዎ» እላለሁ? ስለዚህ ትዕይንቱን ለወጥሁት። በእኛ አገር ትልቅ ሰው የሚከለከለው በጩኸት ሳይሆን እግሩ ላይ ተወድቆ ነው። ምክትሉ ይውደቅ፣ ካፒቴኑ አልፎት ሄዶ መሪውን ያዙር አልሁ።

ጓደኛዬ ወደቀ። እግራቸውን ይዞ፣ «ስለ እግዚአብሔር፣ እነዚህ ልጆች ያልቃሉ!» አለ። አባባ ወዲያው ጎንበስ ብለው፣ «ተነሥ፣ ተነሥ፤ ምሬሃለሁ» አሉት።

መርከቧ ዳነች። ፊልማችንም አለቀ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ አይምሩትም» አልኋቸው።

«እግሬ ላይ የወደቀን ሰው አልፌ ልሂድ?»

«ፊልም ነው እኮ።»

«የሚያየው የእኔ ሰፈር አይደለም እንዴ? ነገ ማን አስታርቁኝ ብሎ ሊመጣ ነው?»

ካሜራ የያዘችው ልጅ፣ «ሌላ ሰው ብንፈልግስ» ብላ ሹክ አለችኝ። አባባ ሰሙ። ኮፍያቸውን አስተካከሉና፣ «እንደገና አንሺው» አሉ።

ጓደኛዬ ወደቀ። አባባ ቆሙ። እጃቸው ወደ ልጁ ራስ ወረደ፣ ተመለሰ። ከዚያ እግራቸውን አላቅቀው ተሻገሩት፤ መሪውን አዞሩ። ውጭ በርሜሉ ተመታ። በመጀመሪያው ፊልም ከሚጮኸው ካፒቴን ይልቅ እሳቸው አስፈሩኝ። ያኛው የእልህ ፊልም ነበር፤ የእኛው ግን ልመና የማይሰማ ሽማግሌ ፊልም ሆነ።

ፊልሙ እስኪታይ ድረስ ጠዋት ስወጣ ደጃቸው ላይ ባለጉዳይ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ ካለ፣ ገና ስላላየ ነው እላለሁ።

በአዳራሹ የሰፈሩ ሰው ከፊት ተደርድሮ ተቀመጠ፤ አባባ መካከል። እኔ ከኋላ ሆኜ ስክሪኑን ትቼ ጀርባቸውን አያለሁ። ጓደኛዬ ወደቀ። እጃቸው ወረደ፣ ተመለሰ። ተሻገሩት።

«ኧረ ይማሩት! አንቱ ሰው፣ ምን ነካዎት!» ብለው አንዲት ጎረቤት ጮኹ።

አባባ በጨለማው ብድግ አሉ። «እኔማ ምሬው ነበር! ጨክን ያለኝ ያ ልጅ ነው፤ ያውላችሁ ከኋላ!»

ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ተከራይዎ አይደል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ነው እንጂ። ቤት ስንገባ እንተያያለን» አሉ። እየሳቁ ይሁን ተቆጥተው፣ በጨለማው ፊታቸው አይታየኝም ነበር።