ከቱቦው በላይ

ስልኬ ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቀው የድሮ ፎቶ አወጣልኝ። ሦስት የውሃ ውሾች፤ ሁለቱ ትልልቅ፣ አንዷ ግልገል፣ ሸርጣን በሁለት እጇ ይዛ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ ቀረሁ።

ያኔ ሰበታ ነበርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር፤ ሥራ የለኝም፣ ወሬ ላይ ግን አንደኛ ነበርኩ። ጎረቤታችን፣ አዛውንቱ ገበሬ፣ አንድ ማለዳ ወደ ወንዙ ይዘውኝ ወረዱ። ድንጋይ ላይ የተሰባበረ የሸርጣን ቅርፊት አሳዩኝና «እዚህ ነው የሚበሉት፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ቦታው ጭቃ ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ብዙ ሳንቆይ ከሸምበቆው ውስጥ ፉጨት ተሰማ፤ ከዚያ ጭንቅላቶች ብቅ አሉ፣ ጺማቸው ላይ የቀረው ውሃ በጠዋት ፀሐይ እያብለጨለጨ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቦታውን ለማንም እንዳትናገሪ። መረብ ይዘው ይመጡባቸዋል።»

«ማርያምን አልናገርም!»

ቦታውን አልተናገርኩም። ፎቶውን ግን ደብቄ መያዝ አቃተኝና «የእኛ ወንዝ» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ወደደው፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከሰፈራችን አጠገብ ካለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቱቦ የሚወርደው ውሃ ወንዙን ሰማያዊ ካደረገው ቆይቶ ነበር። ከቱቦው በታች የሚጠጡ ከብቶች እየከሱ ይወድቁ ነበር፤ የአዛውንቱም ላም ሞታለች። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ አቤት ብሎ ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሰዎች መጡ፣ ስብሰባ ተጠራ። የፋብሪካው ሰው ተራው ሲደርስ የእኔን ፎቶ፣ በትልቁ አሳትሞ፣ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ወንዙ ተመርዟል ትላላችሁ። ታዲያ እነዚህ የሚኖሩት ምን እየጠጡ ነው?»

ያነሳኋቸው ከቱቦው በላይ፣ ንጹሕ ውሃ ላይ ነበር። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ብናገር ደግሞ «የቱ ጋ? አሳዪን» ማለታቸው አይቀርም። አዛውንቱን አየኋቸው፤ ዱላቸውን ያያሉ። አትናገሪ ያሉኝ መሰለኝ። ዝም አልኩ፣ አቤቱታውም በዚያው ተዘጋ።

ከወራት በኋላ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ምነው ያን ቀን ዝም አሉ?»

«እኔን ማን ያምነኛል? ያነሳሽው አንቺ። ትናገራለች ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን «እስቲ አሳዪኝ» ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ፤ ግልገሏን ሲያዩ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ።

አሁን እሳቸውም አርፈዋል። ፋብሪካው ከላይ በኩል ሌላ ቱቦ ጨምሯል፤ ያ ድንጋይ ሰማያዊ ሆኗል፣ የሸርጣን ቅርፊትም የለበትም። ስልኬ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ጻፊ ይለኛል። ብጽፈውም መረብ ይዞ የሚሄድ የለም።