በበሬ የተጎተተው ምሰሶ

ልጅ ሳለሁ መቁጠር የተማርኩት በሰፈራችን ማርያም ምሰሶዎች ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ ግድግዳዋ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣራዋ ያኔ ሣር ነበር። ዙሪያዋን ሃያ የወይራ ምሰሶዎች ይዘዋታል፤ አያቴ እጄን ይዞ እያዞረ የእያንዳንዱን ባለቤት ይነግረኝ ነበር። በአባቱ ዘመን ስትሠራ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ እንጨት በትከሻው ተሸክሞ፣ መንገድ ላይ መሬት ሳያስነካ ማምጣት ነበረበት።

አመሻሽ ላይ ከብቶቹ ገብተው፣ ኩራዙ ሳይለኮስ ገና በፍም ብርሃን ስንተያይ፣ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው የሃያኛውን ነገር ነው። አያቴ ፍሙን ቆስቆስ አድርጎ፣ ጭስ ያስለቀሰውን ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ይጀምራል።

የሺ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏና ልጆቿ በበሽታ አልቀውባት ብቻዋን የቀረች። ትከሻ የሚያውሳት ስታጣ ወይራዋን በበሬ አስጎትታ ከደጀ ሰላሙ አደረሰችው። ሽማግሌዎቹ፣ «ይህ እንጨት ለማርያም ቤት አይሆንም፤ መሬት ነክቷል» አሏት።

«ትከሻ ስጡኝ ብዬ ስዞር የት ነበራችሁ?»

አንዱ ቀልደኛ፣ «ታዲያ በሬሽን ዲያቆን እናድርገው?» ቢላት፣ «ካንተ ይሻላል፤ እሱ ሲጠሩት ይመጣል» አለችው።

እዚህ ሲደርስ አያቴ ሁሌ ይስቃል። ከዚያ የሺ እንጨቷ ላይ ተቀመጠች፤ አልነሣም አለች። ጣራው ሳይከደን ክረምቱ ደረሰ፣ ደመናው ከበደ፣ አንድ ምሰሶ ጎደለ። በመጨረሻ «ይግባላት» አሉ፤ ግን ከኋላ፣ ሰው በማያየው በኩል። የምሰሶው አንድ ጎን መንገዱ ፍቆት ዛሬም ጠፍጣፋ ነው። መዳፌ ያውቀዋል።

እኔ በደብረ ኤልያስ ገበያ እህል ነግጄ ራሴን የቻልኩ ሰው ነኝ፤ ሳልቆጥር የምቀበለው ነገር የለም። ዘንድሮ የሕንፃ ኮሚቴው ማርያምን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ስብሰባ ሲጠራ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ የጎረቤቴ ልጅ ነው።

«ጋሽ ታከለ፣ ይቺ እኮ ጎጆ ናት! ደምበጫ የተሠራውን አላዩም?»

«አይቻለሁ። አዲሱን ከጎኗ ሥሩ፤ ቦታ ሞልቷል። ማፍረስ ካማራችሁ ግን ኑ፣ እንቁጠር።»

ከምሰሶ ምሰሶ አዞርኳቸው። በእያንዳንዱ ፊት የቤተሰቡን ስም እየጠራሁ፣ «መጀመሪያ የኔ ይነቀል የምትሉ?» አልኩ። የተጠራው ሁሉ አቀረቀረ። ከሊቀ መንበሩ ቤት ምሰሶ ስንደርስ እናቱ ከሴቶቹ መካከል፣ «ንካውና ልጄ አይደለህም!» አለችው።

በመጨረሻ ከኋላ ደረስን። ሊቀ መንበሩ ቀና አለ።

«የሺ ዘር የላትም። ወራሽ ከሌለው እንጀምራለን።»

ጋቢዬን አንጥፌ፣ ጀርባዬን ለተፋቀው ጎን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«ወራሿ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከአያቴ መሬት አልደረሰኝም፤ ከብትም አልደረሰኝም። የደረሰኝ የአንዲት ሴት እምቢታ ነው፤ እሱም ይኸው እስከ ሽበት አድርሶኛል። ለዛሬ ተበትነዋል፤ እንደሚመለሱ አውቃለሁ። ይምጡ። እኔን ከዚህ አስነሣለሁ የሚል በሬውን ጠምዶ ይምጣ።