ቆረቆርና የአባባ ደምሴ ምላጭ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ራሳችንን እየተላጨን ነበር። ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ከቤታችን ጀርባ ይኖሩ የነበሩት አባባ ደምሴ ቅዳሜ ማታ በረንዳቸው ላይ ካለው ፍም አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የሰፈሩን ልጆች ተራ በተራ ጉልበታቸው መሃል እያስገቡ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ በአንድ ምላጭ ይላጩን ነበር። ምላጩን በሱሪያቸው ጠረግ አድርገው ወደሚቀጥለው ራስ ያልፋሉ፤ ተረቱ ግን አይቋረጥም።

ያኔ ቆረቆር ያዘኝ። ጸጉሬ ክብ ክብ እየሠራ፣ እየተሰባበረ ረገፈ፤ ቆዳው ቅርፊት አበጀ። አባባ ደምሴ አዩና አዲስ ተረት አመጡ፦ ጫካ ገብታ ከሰው ቀፎ ማር የሰረቀች ልጅ ነበረች፤ ንቦቹም እንድትታወቅ ጸጉሯን ክብ ክብ አድርገው ነጩባት። ስም አልጠሩም፤ እኔን እያዩ ሳቁ እንጂ። በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ማር ሌባ!» እያለ ተከተለኝ። ከፍሙ ዙሪያም ቦታ ተከለከልኩ፤ ዝናብ በሚንጠባጠብበት የጣሪያ ጠርዝ ሥር ቆሜ ነበር የምሰማው።

እናቴ ነጭ ሽንኩርት ቀባችኝ፣ ናፍጣም ሞከረች፤ አቃጠለኝ እንጂ አልዳንኩም። በመጨረሻ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ድሬሰሩ ከአንገቴ ኋላ ያበጠውን እጢ ዳሰሰ፣ የተሰበረውን ጸጉር በባትሪ አየ።

«ማነው የሚላጫት?»

«ጎረቤታችን ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይላጫሉ።»

«በአንድ ምላጭ? ታዲያ ምን ጠብቃችሁ ነበር! ፈንገስ ነው፣ እትዬ። ምላጩ ከራስ ራስ ይዞት ይዞራል። ቅባት ብቻውን እስከ ሥሩ አይደርስም፤ ለሳምንታት ኪኒን ትውጣለች። ጠፋ ብላችሁ እንዳታቋርጡ።»

አንድም ቀን አላጎደልኩም። የፈለግኩት መዳን ብቻ አልነበረም። ጸጉሬ ሲሞላ፣ ቅዳሜ ማታ ሰተት ብዬ ገባሁ።

«ዛሬ ተረቱ የእኔ ነው፣ አባባ።»

«ኧረ ባክሽ! ማር ሌባም ተረት ታውቃለች?»

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አልኩ፤ ምላጫቸው ከአንዱ ራስ በሽታ ለቅሞ ሌላው ራስ ላይ ይዘራል፤ የዘሩት ሲበቅል ደግሞ የታመመችውን ሌባ ይሏታል። ድሬሰሩ ያለውንም አንድ ሳላስቀር ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጉልበታቸው መሃል የነበረችው ልጅ ግማሽ ራሷን እንደተላጨች ተነሥታ ሮጠች። ሌሎቹም ራሳቸውን እየዳበሱ ተከተሏት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አልሄደም፤ ከዚያ በኋላም።

አባባ ደምሴ ብቻቸውን እሳት ሲቆሰቁሱ በአጥራችን ቀዳዳ እያየሁ ደስ አለኝ። በሽታውን ያስያዙኝ ሳያውቁ ነው፤ ተረቱን ግን አውቀው ነው የሠሩት። አገሩን ከለቀቅኩ ዘመን አለፈ። ይቅርታን የሚያወድስ ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ፤ አንዱም አላሳመነኝም። ተረት ማውራት ከማን ተማርሽ ሲሉኝ፣ ከአባባ ደምሴ እላለሁ። እውነቴን ነው። ሰውን በተረት ብቻ ከሰው መለየት እንደሚቻል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።