የሺእመቤትና የአየርላንዱ ባላባት

የሺእመቤት ወርቅአፈራሁ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምር ነበር። እኔ ጂኦግራፊ ስለማስተምር የመምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ነበረን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናደድ ድምፅዋ ከመጮህ ይልቅ ዝቅ የሚል ሴት ነበረች። አባቷ ግራዝማች ወርቅአፈራሁ ከቀራንዮ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ በኩል ሰፊ መሬት የነበራቸው ባላባት ናቸው። አስተማሪነቷን አይወዱላትም ነበር። "የሰው ልጅ ስታንጫጪ ትውያለሽ" ይሏታል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ እቤታቸው ሄዳ ምሳ አብራቸው ትበላ ነበር።

ዘመኑ 1964 ዓ.ም. ነው። ከተማው ወደ ምዕራብ እየሰፋ፣ ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ በካሬ ሜትር እየተሸነሸነ ይሸጥ ነበር። ግራዝማችም መሸጥ ጀምረዋል። መሬቱ ላይ ግን ጭሰኞች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ገመቹ የሚባል ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ልጁ ጉዲቱ ደግሞ የሺእመቤት የምታስተምራት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

የዚያን ሰሞን ትምህርቱ እንግሊዝ ጎረቤቶቿን እንዴት እንደጠቀለለች የሚተርክ ነበር። ዌልስን በሕግ ቀላቅላ ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሠራ እንዳደረገች አስተማረችና ወደ አየርላንድ ተሻገረች። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የአየርላንድን ባላባቶች አንድ በአንድ እየወጋ ከሚደክም ሌላ ዘዴ ዘየደ። ባላባቱ መሬቱን ለንጉሡ ያስረክባል። ንጉሡ ያንኑ መሬት በማኅተም መልሶ ይሰጠዋል፤ ማዕረግም ይጨምርለታል። በምላሹ ባላባቱ የጥንት ስሙን ይተዋል፣ የእንግሊዝ ልብስ ይለብሳል፣ ቋንቋቸውን ይማራል። ኮን ኦኒል የተባለው የሰሜኑ ባላባት ባሕር ተሻግሮ፣ ንጉሡ ፊት ተንበርክኮ፣ የአባቶቹን መጠሪያ እዚያው ጥሎ "የታይሮን ኧርል" የሚል የእንግሊዝ ማዕረግ ይዞ ተመለሰ።

ጉዲቱ እጇን አወጣች።

"ሚስ፣ መሬቱ መጀመሪያ የማን ነበር? የሱ ብቻ ነበር?"

"የጎሳው ነበር። እሱ አለቃቸው እንጂ ባለቤቱ አልነበረም።"

"ሲመለስስ?"

"ሲመለስ በሱ ስም ተመለሰ።"

"የተቀሩት ታዲያ ምን ሆኑ?"

"የሱ ጭሰኛ ሆኑ ማለት ይቻላል" አለች የሺእመቤት።

"ልክ እንደኛ" አለች ጉዲቱ።

የሺእመቤት የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ትምህርቱን ቀጥላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"አዎ። አያቴ ቱፋ ይባል ነበር። ክርስትና ሲነሳ ተክለሃይማኖት ተባለ። የጎሳውን መሬት ለመንግሥት አስረክቦ የተመለሰለትን በራሱ ስም የተቀበለው እሱ ነው። የጉዲቱ አያት ደግሞ የሱ ታናሽ ወንድም ነበር። ለሱ የደረሰው የወንድሙ ጭሰኛ መሆን ነው።"

ወሬው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ዳይሬክተራችን አቶ ዳንኤል እኔ ባለሁበት አስጠርቷት፣ "ስለ እንግሊዝ አስተምሪ ተባልሽ እንጂ ስለ ቀራንዮ ማን ጠየቀሽ?" አላት።

ቅዳሜ እንደልማዷ አባቷ ቤት ሄደች። ግራዝማች ማዕድ ሳይቀርብ ነው የጀመሯት።

"ያ ሰውዬ፣ የአየርላንዱ፣ ስንት ልጆች ነበሩት?"

"አላውቅም አባባ።"

"ታሪክ አዋቂ ነኝ ትያለሽ፣ ይህን አታውቂም። ንጉሡ ጠመንጃ ያዥ ነው። ሰውዬው አልንበረከክም ቢል ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል። ተንበረከከ፣ ዘሩ ተረፈ። አባቴም ያደረገው እሱኑ ነው። አንቺ ዛሬ ጫማ አድርገሽ የምትሰድቢኝ እሱ ስለተንበረከከ ነው።"

"የተረፈው የሱ ቤት ነው እንጂ የወንድሙ አይደለም። የገመቹ አባት በእናንተ በረት ውስጥ እበት ሲዝቅ ኖሮ ሞተ። አክስቴ ነግራኛለች።"

"ወንድሙ ቢጠይቅ ኖሮ ይሰጠው ነበር።"

"እርስዎስ? ገመቹ ቢጠይቅዎ ይሰጡታል?"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ለመሆኑ የዚያ የአየርላንዱ ሰውዬ ዘር መጨረሻው ምን ሆነ?"

"የልጅ ልጁ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። መሬቱን የዚያን ጊዜው ንጉሥ ወርሶ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ሰፋሪዎች አደለው። በማኅተም የተሰጠው በማኅተም ተወሰደ።"

"ትረግሚኛለሽ?" አሉ ግራዝማች። "ውጪልኝ። ከዚህ በኋላ በዚህ በር እንዳትገቢ።"

በሳምንቱ ውስጥ የግራዝማች ሰዎች መጥሪያ እንኳን ሳይይዙ ገመቹ ደጃፍ ደረሱ። ባሕር ዛፎቹን ጣሉ፣ የጎጆውን ክዳን ነቀሉ፣ ያልታጨደውን ገብስ ከብት ለቀቁበት። ገመቹ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ሁለቱ ይዘው መሬት ላይ ጣሉት፣ አንዱ ጥርሱን ሰበረው።

የሺእመቤት ይህን ስትሰማ ገመቹን ራሷ ወስዳ ክስ አስመሠረተች። ምስክርም ሆነች። ችሎቱ ላይ አባትና ልጅ ትይዩ ቆሙ። ስለ አያቷና ስለ ታናሽ ወንድሙ የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች። ግራዝማች ተራቸው ሲደርስ ወደ ዳኛው ብቻ እያዩ፣ "ይህችን ሴት አላውቃትም" አሉ። ዳኛው ማኅተም ባረፈበት የመሬቱ ሰነድ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ መሆኑን ተናግሮ ለግራዝማች ፈረደ። ገመቹ አማርኛው በደንብ ስለማይገባው፣ መረታቱን ያወቀው የየሺእመቤትን ፊት አይቶ ነው።

እነ ገመቹ የከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት ቆሼ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ጉዲቱ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። የሺእመቤት ስኳርና ዱቄት አሸክማ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ጉዲቱ በሩ ላይ ቆማ መንገድ አልሰጠችንም።

"ሚስ፣ እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት" አለቻት። "መልሱን መጀመሪያ ለአባትዎ፣ እቤታቸው፣ ቢነግሯቸው ምን ነበረበት? እርስዎ ክፍል ውስጥ ተናግረው ጎበዝ ተባሉ። እኛ ቤታችን ፈረሰ።"

"ጉዲቱ፣ እኔም እኮ አባቴን አጣሁ።"

"እርስዎ ሲያጡ የሚያድሩበት አለዎት።"

ከውስጥ ገመቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ ዝም በይ ያላት መሰለኝ። እሱ ግን ወጥቶ አልተቀበለንም። ጉዲቱ ዱቄቱን አንስታ ተሸካሚው ትከሻ ላይ መልሳ ጫነችው። ፌርማታው ጋ ስንደርስ የሺእመቤት፣ "ልክ ናት" አለችኝ፤ ደግሞ ወዲያው ተቆጥታ፣ "ልክ ብትሆንም ዝም ማለት አልችልም ነበር" አለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ውሏን አላድስም አላት። ዘነበወርቅ አካባቢ ሌላ ሥራ አግኝታ ቤት ተከራየች። ግራዝማች በ1966 መግቢያ ላይ ታመሙ። መጥቼ ልጠይቅዎ ብላ ሰው ላከችባቸው፤ መልስ አልመጣም። ሲሞቱ ጥቁር ለብሳ ቀብር ሄደች። ታላቅ ወንድሟ ጥሩነህ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቆ ክንዷን ያዘ።

"አባባ እንዳትቀብረኝ ብሎ ነው የሞተው" አላት።

"ክንዴን ልቀቅ።"

"አትገቢም፣ የሺ። ሰው ፊት አታዋርጂን።"

አልታገለችውም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አለቀሰች። ለቀስተኛው ሲወጣ ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩባት፤ ጥቂት ሴቶች ብቻ ጎንበስ ብለው "እግዜር ያጥናሽ" አሏት።

ጥሩነህ ሐዘኑ ሳይወጣ የቀረውን መሬት መሸንሸን ጀመረ። ድርሻዬን ብላ አልጠየቀችውም፣ እሱም ውሰጂ አላላትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢተያዩ እንኳን ሰላምታ አይለዋወጡም።