«ክፈቱለት» ያለችው አልጋነሽ

አልጋነሽን ያወቅኋት ጉታን ካገባች በኋላ ነው። ዛሬ ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር፣ ያኔ ቤቱ ሁሉ ገና ጣውላና ሰሌን በነበረበት ዘመን፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። የምንጃር ልጅ ናት። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ልጆቹን እንድትጠብቅለት በባቡር ይዟት ጅቡቲ ወረደ፤ እሱ ወደ አገሩ ሲሳፈር እሷ እዚሁ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የፈረንጆችን ልብስ እያጠበችና በከሰል ካውያ እየተኮሰች ራሷን ቻለች። የእኔም ሥራ እሱው ስለነበር ውሏችን አንድ ላይ ነበር።

ጉታ ወደብ ላይ ኩሊ ነበር። ከአምቦ ወዲያ ካለ አገር የመጣ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። ባሕር አይወድም። ቀኑን ሙሉ መርከብ ሲያራግፍ ውሎ እግሩን ጨው ውኃ ሳይነካው ነበር የሚመለሰው። «ይህን ሁሉ ውኃ እግዜር ምን ሊያደርገው ፈጠረው? አይጠጣ፣ አይዘራበት» ሲል አልጋነሽ በሳቅ ትንከተከታለች።

አንድ ቀን፣ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በሚነሣበት ወራት፣ ዱቄት ጭኖ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ኦቦክ የሚሻገር የአንድ የመናዊ ጀልባ ሰው ጎደለው። ጉታን ለመኑት፤ ሄደ። ያን ቀን ምን ልቡን እንዳጀገነው እስካሁን አላውቅም። ከቀትር በኋላ ሰማዩ በአሸዋ ቀላ። በማግስቱ ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። ባሕሩ የጀልባዋን አለቃና የሌሎች ሁለት ሰዎችን ሬሳ ወደ ዳር ተፋ። ጉታን ግን አልመለሰውም።

ቄስ ገብረማርያም፣ እዚህ ላለነው የተዋሕዶ ልጆች አባታችን የነበሩት፣ ወዲያው መጡ። «ልጄ፣ ፍትሐቱን እናድርግለት፤ አንቺም እርምሽን አውጪ» አሏት።

«አባቴ፣ ሬሳውን ሳላይ ምን ብዬ አለቅሳለሁ?» አለቻቸው።

ጥቁር አልለበሰችም። ደረቷን አልመታችም። ሥራዋን ቀጠለች። በየወሩ የጉታን ሸሚዝና ጋቢ አውጥታ ታጥባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ትመልሳለች። ሌሊት በሯን አትቆልፍም። ሰፈሩ መጀመሪያ አዘነላት፣ ቆይቶ ለመደው። እንዲህ ሆና አራት ዓመት አለፈ።

አምሀ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልብስ በምናጥብበት አንድ ቤት ወጥ ቤት ነበር፤ ሚስቱን በወሊድ ያጣ፣ ንጹሕ፣ ቃል የማያበዛ ሰው። አልጋነሽ ልብስ ልታደርስ ስትመጣ ጥላ ውስጥ ወንበር ያስቀምጥላታል፣ የቀዘቀዘ ውኃ ይሰጣታል፤ ሌላ ምንም አይልም። አንድ ቀን ግን እኔን ጠርቶ፣ «አዳነች፣ ለትዳር ብጠይቃት ታዝንብኛለች?» አለኝ።

ነገርኳት። ካውያዋን አስቀመጠች። ከዚያ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። በየሳምንቱ የምታየውን ሰው! ልቧ እንደተነካ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠጉሯን መሠራት ጀመረች። አምሀ ባለበት አንዴ ስትስቅም ሰማኋት፤ ድምፁን ረስቼው ስለነበር ማን እንደሳቀ ለማየት ዞር ብያለሁ።

አምሀ ለአልጋነሽ ደስታ ብሎ ነው ያን ነገር ያመጣው። በወደቡ መንገድ ላይ አንድ ግሪክ ግንቡን ኖራ ቀብቶ፣ ግቢውን ሲኒማ አድርጎት ነበር። «የሚያስቅ ፊልም መጥቷል አሉ። ሁለታችሁንም ልውሰዳችሁ» አለን። የፊልሙን ታሪክ አልጠየቀም፤ የነገረውም ሰው የለም።

ፀሐይ እንደጠለቀች ገባን። ፈረንሳዮቹ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እኛ ከፊት ምንጣፍ ላይ። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም፤ በሥዕሉ መሀል የፈረንሳይኛ ጽሕፈት ብቅ ይልና ይጠፋል። ሶማሌዎቹ የራሳቸው ተርጓሚ ነበራቸው፤ ለእኛ ደግሞ ተክለወልድ የሚባል፣ ቀን ቀን የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ የሆነ ሰው፣ ከግንቡ አጠገብ በርሜል ላይ ወጥቶ በአማርኛ ይጮኽልናል። ጨዋታ አዋቂ ስለነበረ ፊልሙ ካለው ይልቅ እሱ የሚጨምረው ይበልጥ ነበር።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ሆዳም ሰውዬ ማዕድ ላይ ታንቆ ይሞታል፣ ይቀበራል። ሚስቱ ለሌላ ሰው ትታጫለች። በመታጨታቸው እራት ቀን በሩ ይከፈትና ሟቹ፣ አፈሩ ከትከሻው ሳይራገፍ፣ ገብቶ ከዱሮ ቦታው ይቀመጣል። ሚስቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ትደብቀዋለች። ከዚያ ውስጥ ሆኖ ያኝካል፤ እጮኛው አይጥ ነው ብሎ በዱላ ይፈልጋል። የሟቹ እጅ ተነቅሎ ሾርባው ውስጥ ይቀራል፤ እጮኛው የሙሽራይቱ መስሎት ይስመዋል። ሰው በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አምሀም፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ሚስትና እጮኛ ሟቹን በዶሮ ጥብስ እያባበሉ ወደ ሬሳ ሣጥኑ አስገቡት። ክዳኑን በመዶሻ ሲመቱበት አንድ ጽሕፈት ወጣ፤ ተክለወልድም «ኧረ መረቁን እንኳ ጨምሩልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው የሠርጋቸውን ወይን ጠጡ፤ ሣጥኑ ከሥራቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀ።

ወደ አልጋነሽ ዞር ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግንቡን ታያለች። በመንገድ ላይ አምሀ «አልወደድሽውም?» ቢላት «ደክሞኝ ነው» አለችው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቧንቧው ዘንድ ሴቶቹ እንስራ አሰልፈው ይሟገታሉ።

«ሚስቲቱ ምን ታድርግ?» ትላለች ወርቅነሽ፣ ጠላ ሻጯ። «የሞተ ሞቷል። ቀብራዋለች፣ አልቅሳለታለች፤ ደግሞ ተነሥቶ ይምጣባት?»

ውኃ የምታመላልሰው ሶማሊዋ ኻሊዳ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ሰውዬው ባለጌ ነው» አለች። «ሰላም አይልም። ቀጥታ ምግብ! እኔ ብሆን በሕይወት ሳለ ነበር የምቀብረው።» ሴቶቹ ተሳሳቁ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ዓብዱሰመድ ጥፋቱን ያደረገው ቀባሪዎቹ ላይ ነበር፤ ጥልቅ ቢቆፍሩ ይህ ሁሉ አይመጣም ይላል። ቄስ ገብረማርያም የሰይጣን ሥዕል ነው ብለው ገሠጹን፤ ገሥጸው ሲያበቁ ግን «ለመሆኑ ሣጥኑ ላይ መስቀል ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ።

አልጋነሽ ሥራዋ ላይ ዋለች። የአንዱን መኮንን ነጭ ኮት እየተኮሰች ሳለ ድንገት፣ «ያቺ ሴት እንዴት ነህ አላለችውም» አለች።

«ማን?»

«ያ ሁሉ መንገድ መጥቶ። ከየት መጣህ፣ እንዴት አገኘኸን አላለችውም። አፈሩን እንኳ አላራገፈችለትም።»

«አልጋነሽ፣ የፈረንጅ ቀልድ እኮ ነው።»

«ይሁን» አለችና ካውያዋ ላይ ከሰል ጨመረች።

ማታ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፌ ላይ ቆመች። «ደግሜ ልየው» አለችኝ። ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ሄድኩ። መዶሻው ወደ ክዳኑ ሲወርድ ከአጠገቤ ብድግ አለች። «ክፈቱለት!» ብላ ጮኸች። «ክፈቱለት! ቤቱ ነው! ክፈቱለት!»

ሕዝቡ ተሸበረ፤ ወዲያው ግን የጨዋታው ክፍል መሰለውና ሳቁ ፈነዳ። ነጠላዋን ጎትቼ አስቀመጥኳት።

ክፉው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሚቀጥለው ማታ መዶሻው ሲነሣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ክፈቱለት!» አለ። በየማታው እንዲሁ። ሶማሌዎቹና ዓረቦቹ ሳይቀሩ ቃሉን በአማርኛ ተማሩት። ኩሊዎቹ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ሲዘጋ «ክፈቱለት!» ይባባላሉ። ልጆች ከአልጋነሽ ኋላ እየሮጡ ይጮኻሉ። አንድ ሰካራም ማምሻውን በሯን መትቶ፣ «ክፈችልኝ፣ ጉታ ነኝ» አላት። ያን ዕለት ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሯን ስትቆልፍ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

አምሀ ይህን ከእኔ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ስለ ጉታ የሚያውቀው ባሏ ሞቷል የሚለውን ብቻ ነበር፤ አስከሬኑ እንዳልተገኘ ማንም አልነገረውም። «እኔ እኮ አጠገቧ ተቀምጬ ስስቅ ነበር» አለ። ተነሥቶ ወደ ተክለወልድ ሄደ፤ ጠብ እንዳይሆን ብዬ ተከተልኩት። ተክለወልድ የነጋዴው መጋዘን ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። አምሀ ግን አልተጣላም። ነገሩን ሁሉ በዝግታ ነገረውና፣ «ለመሆኑ ያ ጽሕፈት የሚለው መረቁን ጨምሩልኝ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ተክለወልድ መሬት መሬት አየ። «አይደለም። እሱ የእኔ ነው» አለ።

ፊልሙ በሚታይበት የመጨረሻ ማታ እኔና አምሀ ገባን። ተክለወልድ በርሜሉ ላይ ወጣ፤ እንደ ሌላው ጊዜ አላሾፈም፤ ጽሕፈቱን ብቻ አነበበ። ሕዝቡ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ «ዛሬ ምን ነካው?» አለ። መዶሻው ተነሣ። «ክፈቱለት» ሊል አፉን የከፈተው ሁሉ ሳይጮኽ ተክለወልድ እጁን አነሣና፣ «ሟቹ እንዲህ ነው የሚለው» አለ፤ «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቤቴ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

በእኛ ምንጣፍ ላይ አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላችን ፈረንሳዮቹ እየሳቁ ነበር። ወርቅነሽ ከፊቴ ተቀምጣ ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት። «ውይ፣ የእኔ ምስኪን» አለች፤ ስለማን እንዳለች አልጠየቅኋትም።

ጠዋት ለአልጋነሽ ነገርኳት። ቃሉን ደግሜ እንድነግራት ለመነችኝ፤ ደገምኩላት። ካውያዋን አወረደች። የጉታን ሣጥን ከፈተች፣ ሸሚዙን አወጣች፣ ፊቷን ቀበረችበት፤ ያ አራት ዓመት የታቆረ ልቅሶ ያኔ ወጣ። ግቢው ሁሉ ደንግጦ መጣ። «ጉታዬ፣ መምጫ አጣህ! መንገዱ ውኃ ሆነብህ!» ትላለች። እኔም ሌላ የማደርገው ስላጣሁ አብሬያት አለቀስኩ።

ቄስ ገብረማርያም ፍትሐቱን አደረሱ። አስከሬን ስላልነበረ ሸሚዙንና ጋቢውን ዘርግተን አለቀስንበት። ከፈረንጅ ቤት ፈቃድ ያገኙ ሠራተኞች፣ የወደብ ኩሊዎች፣ ቧንቧው ዘንድ ሲሟገቱ የነበሩት ሴቶች ሁሉ መጡ። ኻሊዳ የዕለቱን ውኃ ቀድታ ሞላችልን፤ ዓብዱሰመድ ደግሞ ከሻይ ቤቱ ወንበሮቹን ላከ። አምሀ እንደ ቤተ ዘመድ ሦስቱንም ቀን እንግዳ ሲያስተናግድ ሰነበተ።

ዓመቱ ሲሞላ፣ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ፣ አምሀ ራሱ ጠየቃት። እኔ ደጃፉ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አልጋነሽ «አንተ ክፉ ሰው አይደለህም» አለችው። «አታውቅም ነበር። ግን አምሀ፣ ፊትህን ባየሁ ቁጥር ያ ማታ ይመጣብኛል፤ አንተ ስትስቅ፣ እሱ ክዳኑ ሲመታበት። ይሄ ያንተ ጥፋት አይደለም። እኔም ላጠፋው ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«እጠብቃለሁ» አለ።

«አትጠብቅ። መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

አምሀ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ወጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈተ፤ እዚያው አገባ። አንድ ጊዜ ሚስቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አልጋነሽ ምሳ ሠርታ ጠራቻቸው። ሚስቱን ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፣ እቅፍ አድርጋ ሸኘቻት። ሳህኖቹን አጥባ ስታበቃ፣ «ደግ ሴት ናት። ጥሩ ይዟታል» አለችኝ። ከዚያ ተኛች፤ በማግስቱ ለሥራ ስጠራት አልተነሣችም፤ ልብሱን ብቻዬን አደረስኩ።

ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ባቡሩ በየቀኑ ስደተኛ ያወርድልን ጀመር። አልጋነሽ ከጣቢያው አንዲት አራስ ከነልጇ፣ ሁለት ቁስለኞችና አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። አልጋዋን ለአራሷ ሰጥታ እሷ መሬት ላይ ተኛች። ሙቀቱ በበረታበት ወር ከቁስለኞቹ አንዱን ስታስታምም ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት አልቆየችም። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ብንላት «ሰዎቹን ማን ያበላልኛል?» እያለች እንቢ አለች።

ቄስ ገብረማርያም አርጅተው ነበርና ፍትሐቷን ተቀምጠው ነው ያደረሱት። አስከሬኗን የተሸከሙት እነዚያ ስደተኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በመንገድ ላይ ትከሻ ሲለዋወጥ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ የሴትዮዋ ስም ማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት።