የዘሚራ ጋንና ጠጠር

እህቴ ዘሚራ ከእኔ ጋር ሳትነታረክ የዋለችበት ቀን ካለ ታማለች ማለት ነው። ሞጣ ውስጥ የአባታችንን የጨርቅ ሱቅ እኔ ሙጀሂድ ወረስኩ፤ እሷ ሜትርና መቀሱን ትታ ካሜራ አነገተች። ሙያውን ያስተማሯት የቢቸናው ፎቶ አንሺ ጋሽ ፋንታ ናቸው። ሲያረጁ ሁለት የድሮ ሌንሶች ሰጧት። እነዚህ ሌንሶች እንደ ዘመኑ በራሳቸው አያነጣጥሩም፤ ቀለበታቸውን በጣት እያዞሩ ምስሉን ማጥራት የአንሺው ሥራ ነው።

ትልቁ ሌንስ አፉ ሰፊ ስለሆነ ጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ ብርሃን ይለቅማል፤ ክብደቱ ግን አይጣል ነው። ትንሿ ኪስ ትገባለች፤ ደጅ ላይ እንከን አይወጣላትም፤ ቤት ውስጥ ስትገባ ግን ዓይኗ ይደክማል። ዘሚራ ትልቁን ጋን፣ ትንሿን ጠጠር ብላ ስም አወጣችላቸው።

ድሮ ከእጇ የማትጠፋው ጠጠር ነበረች። ሠርግ ቤት ሰው ሳይደነግጥባት እየተሽሎከለከች ታነሳባታለች። አባታችን ሙሐመድሁሴን የመጨረሻውን ኢድ ያከበረ ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር እዚያው ሳሎን ውስጥ በጠጠር አነሳችው። አባታችን ሲስቅ ራሱን መነቅነቅ ልማዱ ነበር። ጠጠር ብርሃን አንሷት ስትንቀረፈፍ እሱ ራሱን ነቀነቀና ፊቱ ደበዘዘ። ፎቶውን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኛው ሁሉ «ይሄ ማን ነው?» ይለኛል። ዘሚራ በር ላይ ሆና ይህን ከሰማች ሳትገባ ትመለሳለች፤ እኔንም አንጀቴን ይበላኛል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ከጋን በቀር አልይዝም አለች።

ምን ያደርጋል፣ ዘንድሮ ባጃጅ ተገለበጠባትና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። የካሜራዋ ባለሦስት እግር መቆሚያም አብሮ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን እጇ ጋንን ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል። «ፎቶ ማንሳቱ ቀረብሽ» ያላት ሰው ብዙ ነው። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ጋንን እያነሳች ታስቀምጣለች።

በዚህ መሀል ቢቸና ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ይታገስ የሚባል ሰው ደወለላት። የቅኔ መምህሩን የየኔታ አካለ ወልድን ምስል ተማሪዎቻቸው ጉባኤ ቤቱ ውስጥ መስቀል ፈልገዋል። የኔታ ዓይናቸውን ታክመው ገና ማገገማቸው ስለሆነ ፀሐይም የፎቶ ብልጭታም አይችሉም። በስልክ ሞክረው ብልጭ ሲልባቸው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው «በቃኝ» ብለዋል። በስንት ልመና ለአንድ ጊዜ ብቻ ፈቀዱ።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሚዛን አምናለሁ። ሁለቱን ሌንሶች ወስጄ በርበሬ በምትሸጠው በጎረቤታችን በንግስት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋን ያረፈበት ሳህን ዘጭ አለ።

«አየሽ?» አልኳት። «ጠጠርን ይዘሽ ሂጂ። ለሽማግሌ ሰው ትንሽ ቢደበዝዝ ምን አለበት?»

«ሚዛንህ ብርሃን አይመዝንም» አለችኝ። «ደግሞ የደበዘዘ ሽማግሌ አንድ አለን፤ ይበቃናል።»

ሱቄን ዘግቼ ተሸካሚ ሆንኩላት። ጠጠርንም ለደጃፉ ትሆናለች ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረቻት። በጉንደ ወይን በኩል መንገዱ ሲያንገጫግጨን ጋንን እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ተጓዘች።

የየኔታ ቤት ጨለማ ነው። በበሩ የምትገባው ብርሃን ጉልበታቸው ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ በላይ አትደፍርም። ዘሚራ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት።

«አንተ ከምትይዘው ፍየል ትያዘው።»

ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ጋን ከፊት ከብዶ በአፍንጫው ተደፋ። ሻርፗን አጥፋ ከሥሩ አደረገች፤ ሰመጠ። ድንጋይ ፈልጌ አመጣሁላት፤ ተንሸራተተ። ግንባሯን ላብ አጠመቀው፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያታግልሽ?» አሉ የኔታ።

«ሌንሱ ነው፣ የኔታ፤ ከበደኝ። ስሙንም ጋን ነው ያልኩት።»

«ሌላ የለሽም?»

«አለችኝ፤ ግን ለዚህ ቤት አትሆንም። እሷን ጠጠር ነው የምላት።»

የየኔታ ትከሻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ለካ እየሳቁ ነው። «ስሙን አንቺ አውጥተሽ ምሥጢሩን ለእኔ ተውሽው? ጋን በምንድን ነው የሚደገፈው?»

ዘሚራ ክው አለች። ቦርሳዋን በርብራ ጠጠርን ከነቆዳ ማኅደሯ አወጣችና ከጋን አንገት ሥር ሸጎጠቻት። ልክክ አለች። ጋን ቀና አለ። እኔ በሳቅ ልፈርስ ነበር፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ በግራ እጇ ጣቶች ቀለበቱን ቀስ እያደረገች ታዞራለች። የኔታ አሁንም እየሳቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ልክ እንደ አባታችን። ካሜራው ቀጭ አለ።

ምስሉን በካሜራው ጀርባ ላይ አጎላችው። የየኔታ ሽፋሽፍት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሳቃቸው እዚያው ፊታቸው ላይ አለ።

«አባባን እንዲህ ባነሳሁት» አለችና እንባዋ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል?

«ተነሳሁ?» አሉ የኔታ።

«አዎ፣ ተነስተዋል።»

«ተቀምጬ? በይ እጅሽን ስጪኝና እውነት እናድርገው።»

ዘሚራ ሳታስበው ቀኝ እጇን ዘረጋች። የኔታ በሙሉ ክብደታቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። እጇ አልተንቀጠቀጠም።