የኦርኮች ጠበቃ

ሶዶ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን፣ ዳይስ እየጣልን የተረት ጀግኖች ሆነን እንጫወታለን። የጨዋታው መጽሐፍ ኦርክ የሚባለው የጭራቅ ዘር ክፉ ሆኖ ይወለዳል ይላል። መምህሩ ጓደኛችን ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ ዘረኝነት ነው!» ኦርክ አይቶ ባያውቅም ጥሩ ጠበቃ ወጣው።

እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆነች ጓደኛችን ደስ አለው። «እንግዲያው ቀጣዩ እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ከቆጮ ሙቹዋ ትሠራለች።» በአገራችን ሸክላ ሠሪን ንቆ ቤቱ ምግብ የማይቀምስ ሰው ብዙ ነው።

ቅዳሜ ሙቹዋው ከነሥጋው ቀረበ። መምህሩ «ጾም ላይ ነኝ» አለ። ሥራዬ ዘገባ ነውና አጣራሁ፤ ጾም አልነበረም።

«ለኦርክ ስትሟገት አልጾምክም ነበር!» አለና የቤቱ ልጅ ጉርሻ አፉ ላይ ደቀነበት። እናቱ ከጓዳ በር ታያለች። ጉርሻ ደግሞ አይገፋም። መምህሩ ያልነበረውን ጾም በሁለት ሳህን ፈታ።